በመፀው ወራት ከወልድያ ወደ መርሳ ከውሻ ጋራ የተደረገ የእግር ጉዞ



በአገራችን የዘመን ሥርዓት ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ድረስ ያለው ወራት መፀው ይባላል። በዚህ ወራት ወንዙ ጠርቶ ጠጠሩ ይታያል፤ የመንገዱ ጭቃ ይደርቃል፤ አደይ አበባ ረግፎ ሜዳው የነዶ መልክ ይይዛል፤ ገበሬውም በአንድ ዓይኑ እህሉን፥ በሌላው ዓይኑ ሰማዩን እየጠበቀ ያድራል። ዓመቱን ሙሉ በወንበር ተቀምጦ የሰውን ክርክር ሲጽፍ ለሚውል እንደ እኔ ላለ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፥ በእግር ለመሄድ ከዚህ የተመቸ ጊዜ አይገኝም። እኔም በ2015 ዓ.ም. ኅዳር 10 ቀን ቅዳሜ ከወልድያ ተነሥቼ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ መርሳ በእግሬ ሄድሁ። ጓደኛዬም ውሻ ነበረ። ይህን ልጽፍላችሁ የተነሣሁት አገሩ ያማረ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ በመንገድ ላይ ያገኘኝን ነገር ውሻና ልጅ ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ ቢያውቀው ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

ውሻውን ያገኘሁት እንዲህ ነው። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ጦርነቱ ወደ ወልድያ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ዘግቶ ተሰደደ፤ ከተማይቱም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በትግራይ ኃይሎች እጅ ቆየች። ሕዝቡ ሲመለስ ብዙው ጌታ ውሻውን፥ ብዙው ውሻም ጌታውን አጥቶ ነበር። እኔም ተመልሼ የተከራየሁትን ቤት በከፈትሁ ጊዜ በደጃፉ ሥር አንድ ቡችላ ተኝቶ አገኘሁ፤ አባርረው ዘንድ ልቤ እምቢ አለኝ። ስሙንም ዋሴ አልሁት። ባለጉዳይ ወደ እኛ ሲመጣ «ዋስ አለህ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃልና፥ በዚያ ሰው ባልሞላበት ከተማ እኔን ቢጠይቁኝ የምጠራው ዋስ እርሱ ብቻ ነበረ።

ነገር ግን ዋሴ አደገ። ሌሊት ሌሊት በጅብ ላይ ሲጮህ እንቅልፍ የነሣቸው የቤቱ እመቤት «ወይ ውሻው ይውጣ፥ ወይ እርስዎ ይውጡ» ብለው ቈረጡ። በሀብሩ ወረዳ በመርሳ አጠገብ የሚያርስ የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ጦጣ ማሽላዬን ፈጀችው፥ ደህና ውሻ ፈልግልኝ» እያለ በስልክ ይወተውተኝ ነበር። ስለዚህ ውሻዬን ለእርሱ ልሰጥ አሰብሁ። በመኪና ልወስደው ብሞክር ረዳቱ «ጌታው፥ ውሻ አንጭንም» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። የጉዞው መነሻ እንግዲህ ይህ ነው፤ በልቤም ያን ረዳት ብዙ ጊዜ አመስግኜዋለሁ።

ወልድያ የቀድሞው የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ ናት፤ ዛሬም የሰሜን ወሎ ዞን መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ የሚመጣው መንገድ፥ በቆቦ አልፎ ወደ መቀሌ የሚሄደው መንገድ፥ ደግሞም ቻይናዎች የሠሩት ወደ ወረታ የሚወጣው መንገድ በእርስዋ ይገናኛሉ። እኛ የደሴውን መንገድ ይዘን ጎሕ ሲቀድ ወጣን። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን ከተፈረመ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም ነበርና፥ ሰው ከሩቅ ሲተያይ ቆም ብሎ የሚመጣው ማን እንደ ሆነ መመልከቱን አልተወም። እኔን ግን የሚያዩኝ በሌላ ምክንያት ነበር። በአገራችን ውሻ በደጅ ይታሰራል፥ ከብት ይከተላል፥ ለአደን ይወጣል እንጂ ሰው በገመድ ይዞት መንገድ አይሄድም። አንዱ «ምን ጠፋብዎ? በሬ ነው ወይስ ሌባ?» አለኝ። ሁለተኛው «ሊሸጡት ነው?» አለ። አንዲት ውሃ የቀዳች አሮጊት ደግሞ እንስራዋን እንደ ተሸከመች ቆማ ብዙ ከተመለከተችን በኋላ «ልጄ፥ ማን ማንን እየመራ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በእውነት ለመናገር ገመዱ ተወጥሮ ነበርና መልስ አልነበረኝም።

ወዲያው ከከተማ እንደ ወጣን ገመዱን ፈታሁለት። ወደ ደቡብ ሲሄዱ በምዕራብ በኩል ተራራው እንደ ግንብ ይቆማል፤ በምሥራቅ በኩል ግን ኮረብታው እየዝቀጠ ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። ይህን መንገድ በመኪና ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ያየሁት ግን የፊተኛውን መኪና ጀርባ ነበር። ዋሴ በየጥቂቱ እየቆመ፥ በአጥርና በድንበር ሥር እያሸተተ ስለ ሄደ እኔም ከእርሱ ጋራ መቆም ግድ ሆነብኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገርሞኝ ነበር። እኔ በመዝገብ ላይ «በምሥራቅ እገሌ፥ በምዕራብ መንገድ፥ በሰሜን ወንዝ የሚያዋስነው» እያልሁ የሀብሩን ማሳ ስንት ዘመን ጽፌአለሁ፤ ሰዎች የተካሰሱበት ድንበር ግን አንድ ክንድ የማይሞላ፥ ሣር የበቀለበት መሬት እንደ ሆነ በዓይኔ አላየሁም ነበር። በአንዳንዱ ስፍራ ጤፉ ታጭዶ ነዶው ተቈልሎአል፤ በአንዳንዱም ገና ቆሞ በነፋስ ይተኛና ይነሣል። ውሻው በድንበሩ ሣር ላይ ብቻ ይሮጥ ነበር እንጂ ጤፉን አልረገጠም። ይህን ማን እንዳስተማረው አላውቅም፤ የከሰሰም የተከሰሰም ሰው አይቶ ቢሆን ብዬ ሳቅሁ።

ልጅ ሳለሁ በቄስ ትምህርት ቤት መጽሐፈ ጦቢት ሲነበብ ሰምቼ፥ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋራ ሲሄድ ውሻው ተከተላቸው የሚለው ነገር አልወጣልኝ አለ። ውሻው ምንም አይሠራም፤ አይናገርም፤ ይሄዳል፥ ይመለሳል። የኔታን ለምን እንደ ተጻፈ ብጠይቃቸው «አንተ ዜማህን ቀጽል» ብለው በአለንጋ አሳዩኝ። ኋላም ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቼ መምህሩን ይህንኑ ብጠይቀው፥ ፈገግ ብሎ ያን መጽሐፍ እነርሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋራ እንደማይቈጥሩት ነገረኝ። እንግዲህ የጦብያ ውሻ ከሁለት መምህራን ዘንድ ውሳኔ ሳያገኝ በቀጠሮ ላይ እንዳለ ነው።

ረፋድ ላይ ወደ ሲሪንቃ ደረስን። በዚያ የእርሻ ምርምር ማእከል አለ፤ ለዚህ አገር ቆላና ወይና ደጋ የሚስማማ የማሽላና የጤፍ ዘር እየመረጠ ለገበሬ ያወጣል። ከማሽላው አንዱ «ግራና አንድ» ተብሎ በዚሁ በሀብሩ ባለችው በግራና ስም ተሰይሞአል። በማሳው ውስጥ አንዲት ሐምራዊ አበባ አየሁና ውበትዋን ሳደንቅ፥ በማማ ላይ የተቀመጠ ገበሬ «አያድንቋት፥ ሌባ ናት» አለኝ። አቀንጭራ ኖራለች። ሥርዋን በማሽላው ሥር ላይ ሰክታ ምግቡን ትጠባለች፤ አበባዋ ሲታይ የሚደርስ ጉዳት ሁሉ ከመሬት በታች ደርሶ አልቆአል። የአገራችን ተወላጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በማሽላ ላይ ባደረጉት ምርምር ነው፤ ከሥራቸውም አንዱ ይህችን ሌባ የሚቋቋም ዘር ማውጣት ነበር።

ያ ገበሬ ከማማው ወርዶ ዘግይቶ ከተዘራው ማሳው እሸት ቈርጦ ጠበሰልኝ፤ ጥንቅሽም ጨመረልኝ። ወሎዬ የማሽላ ስም ሲያወጣ ይችላል፤ ጠረኑንና ጣዕሙን በስሙ ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንዱን ወተት በጉንጬ፥ አንዱን ማር ጩቄ ይለዋል። እነዚህን የመሰሉትን ዘሮች ብቻቸውን አይዘራቸውም፤ በሌላው ማሽላ መካከል ጣል ጣል ያደርጋቸዋል፥ እሸታቸውንም ጠብሶ ይበላል። በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት ሊቃውንት ከዓለም የተሰበሰበ ብዙ የማሽላ ዘር መርምረው፥ ላይሲን የሚባለውን ሰውነት የሚገነባ ነገር አብልጠው የያዙ ሁለት ዘሮች አገኙ፤ ሁለቱም ከወሎ የሄዱ ነበሩ። በዚያው ዓመት የዚያው የወሎ ሕዝብ በራብ በየመንገዱ ዳር ይወድቅ ነበር። ይህን ለገበሬው ብነግረው ብዙ ጊዜ ዝም አለና «እኛስ የሚጥመውን እናውቅ ነበር፤ ዝናቡ ነው ያላወቀን» አለኝ። ቀጥሎም ጣቱን ወደ ገደሉ ዘርግቶ «ጦጣም ታውቃለች፤ መጥታ የምትጀምረው ከእነዚህ ነው» አለ። በመፀው ወራት በዚህ አገር ልጅ ሁሉ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ የሚውለው፥ ውሻም ዋጋው የሚወደደው ስለዚህ ነው። በቀን ጦጣና ግሪሳ ወፍ፥ በሌሊት ከርከሮ ይመጣል። ዋሴን ትኵር ብሎ አየና «ይህ ደረቱ ሰፊ ነው፤ ለእኔ ለምን አይሰጡኝም?» አለ። ቃል የሰጠሁበት መሆኑን ነግሬው አለፍሁ። ከዚያ በኋላ ግን ውሻውን እየተመለከትሁ መሄድ ከበደኝ፤ ሊሰጥ የተወሰደ መሆኑን አያውቅምና።

ከሲሪንቃ ወዲህ ፀሐይ በራስ ላይ ሲሆን ከአንድ ጅረት ዳር ደረስን። የሚያሳፍረኝ ነገር የሆነው በዚያ ነው። እኔ ጫማዬን አውልቄ እግሬን በውሃ ሳቀዘቅዝ፥ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት የሚሆነው እረኛ ፍየሎቹን ይዞ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። ዋሴ ወደ ፍየሎቹ ሮጠ። ልጁም ባለቤት የሌለው ውሻ መስሎት በድንጋይ መታው፤ ውሻው ዘወር ብሎ ባቱን ነከሰው። ጮኬ ስጠራው ወዲያው ለቀቀ፤ ነገር ግን ደም ወጥቶ ነበር።

ክቡራን አንባቢዎች፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071፥ እንስሳው በድንገት ከእጁ ቢያመልጥ እንኳ ባለቤቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደ ሆነ ይደነግጋል። ይህን ቍጥር በገዛ እጄ ስንት ጊዜ እንደ ገለበጥሁት አልቈጥረውም። ያን ጊዜ ግን ቃሉ ከወረቀቱ ወርዶ ፊት ለፊቴ ቆመ። ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ጫማዬን አውልቄ የተዝናናሁትም እኔ ነኝ።

የሚደረገውን ግን አውቅ ነበርና ለወላጆች ሁሉ እነግራለሁ። በከረጢቴ ሳሙና ነበረኝ፤ ልጁን ከጅረቱ ዳር አስቀምጬ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሩብ ሰዓት ሙሉ አጠብሁት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ምልክቱ ሳይታይ ግን ቁስሉን ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ መከተብ ያድናል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. በሐምሌ መጀመሪያ ጆሴፍ ማይስተር የሚባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በዚህ መንገድ አድኖታል። ጠበል የሚወስድ ይውሰድ፤ መርፌውን ግን አያስቀር። ቅጠል ወይም አመድ ቁስሉ ላይ መነስነስ አይገባም።

የልጁ አባት ጩኸት ሰምቶ ዱላ ይዞ ደረሰ። እስላም ነው፤ ጢሙ ሽበት የጀመረው፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው። እኔም የሆነውን ሳልደብቅ ነገርሁትና ውሻው በሰኔ ወር በወልድያ እንደ ተከተበ የሚመሰክረውን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁለት። ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ማኅተሙ ደህና ነው። ልጄን የነከሰው ግን ወረቀቱ አይደለም» አለኝ። በሥራዬ ዘመን ብዙ ጠበቃ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አጭር ክርክር ግን አልሰማሁም።

ከጎረቤት ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። በወሎ ሰው ሲጋጭ አበጋር የሚባሉ አስታራቂዎች እንዳሉ የታወቀ ነው፤ የእኛ ነገር ግን እስከዚያ አልደረሰም፥ በሾላው ጥላ ሥር ተቀምጠን ጨረስነው። እኔም «ልጁን አሁኑኑ ወደ መርሳ ጤና ጣቢያ ልውሰደው፤ ወጪው በእኔ ነው፤ ውሻው እስከ ዐሥር ቀን ታስሮ ይጠበቅ፥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰ ጊዜ በሽታው አልነበረበትም ማለት ነው» አልሁ። አንደኛው ሽማግሌ «ውሻው የት ይታሰራል?» አሉ። ከአክስቴ ልጅ ዘንድ ብዬ ሳልጨርስ አባትየው «እኔ ደጅ ይታሰር፤ በዓይኔ ሳላየው አልተኛም» አለ። ስለዚህ ዋሴ፥ ስሙ ዋስ የሆነው፥ እርሱ ራሱ በመያዣነት ቀረ።

የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የቤቱ ሴቶች ቡና አፍልተው አቀረቡልን። አባትየውም ተነሥቶ በተሰበረ ገል ውሃ ቀድቶ በውሻው ፊት አኖረ። በእስልምና ሥርዓት ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ሊታጠብ ይገባልና የተሰበረውን ገል መርጦአል። እኔ አፍሬ «ልጅዎን ነክሶ ሳለ?» ብለው፥ በጥንት ዘመን የተጠማ ውሻ አይቶ በጫማው ከጕድጓድ ውሃ ቀድቶ ስላጠጣውና ኃጢአቱ ስለ ተሰረየለት ሰው የሚነገረውን ሐዲስ አወራኝ። «የልጄ ነገር ከአንቱ ጋራ ነው፤ የውሃው ነገር ከአላህ ጋራ ነው» አለኝ። በቋንቋችን ካሣ የማይከፈልበትን፥ ጠያቂ የሌለውን ደም ደመ ከልብ እንላለን። በዚያ ቤት ደጅ የውሻ ነገር እንኳ ጠያቂ ነበረው።

ከዚያ እስከ መርሳ ያለውን መንገድ በባጃጅ ሄድን፤ ስለ እርሱ የምጽፈው የለኝም፥ የልጁን ፊት እንጂ ሌላ አላየሁምና። መርሳ ከወልድያ ይልቅ ሞቃት ናት፤ ፓፓያና ማንጎ በመንገድዋ ዳር ተደርድሮ ይሸጣል። ለልጁ አንድ ፓፓያ ገዛሁለት፥ በእቅፉ ይዞት ገባ። ነርስዋ ቁስሉን አይታ «በሳሙና መታጠቡ መልካም ነው» ካለች በኋላ የመጀመሪያውን መርፌ ወጋችው፤ ውሻው ዐሥር ቀን ጤነኛ ከሆነ የቀረው እንደሚቆም ነገረችን። ልጁ አላለቀሰም። ሲወጣ ግን አባቱን «ውሻው ይገደላል እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። አባትየው ወደ እኔ አየ፥ እኔም ወደ አባትየው አየሁ፤ ማንም አልመለሰለትም።

ወደ ወልድያ ተመልሼ በየማታው ስደውል መልሱ አጭር ነበር፤ «በላ»፥ «ጠጣ»፥ «ጮኸ»። በአምስተኛው ቀን «ዛሬ አልበላም» ቢለኝ እንቅልፍ አጣሁ፤ በማግሥቱ ግን ልጁ ስልኩን ነጥቆ «ትናንት ማታ የበግ አጥንት ሰጥቼው ጠግቦ ነው» አለኝ። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚለው ተረት ለሰው የተነገረ ነው፤ ዋሴ ግን በኅዳርም ቢሆን ለእርሱ እንደ ተደነገገ ይቈጥረዋል። ኅዳር 20 ቀን ዐሥሩ ቀን ተፈጸመ፤ ውሻው ደህና ነበረ፥ የልጁም መርፌ ቆመ።

ኅዳር 24 ቀን ቅዳሜ ውሻውን ተረክቤ ወደ አክስቴ ልጅ ላደርስ ሄድሁ። ማሽላው ግማሹ ታጭዶ ነበር። ከማሳው ስደርስ ልጁ ማማው ላይ ወንጭፉን ይዞ ተቀምጦአል፤ ዋሴም ከማማው ሥር ጆሮውን አቁሞ ወደ ገደሉ ይመለከታል፤ ገመድ አልነበረበትም። አይቶኝ ሮጦ መጣ፥ ዘለለ፥ እጄን ላሰ፤ ከዚያም ከገደሉ በኩል አንድ ነገር ሲንኰሻኰሽ ሰምቶ ጥሎኝ ሄደ።

አባትየው ወደ እኔ መጥቶ እጅ ከነሣን በኋላ ጥቂት ዝም አለ። «ለከብትና ለአዝመራ የሚጠብቅ ውሻ ለእኛም የተፈቀደ ነው» አለኝ። ቀጥሎም «ልጁ ደግሞ ስሙን ይጠራዋል» አለ። ሌላ ክርክር አላቀረበም፤ እኔም መልስ አላስፈለገኝም። ከቦርሳዬ ወረቀት አውጥቼ በማማው ምሰሶ ላይ አስደግፌ፥ ቀለሙ ብጫ የሆነ ዋሴ የሚባል ወንድ ውሻ ከዛሬ ጀምሮ የእርሱ መሆኑን፥ በየዓመቱም እንደሚያስከትበው ጻፍሁ። እርሱ ፈረመ፤ ልጁም ልፈርም ብሎ አስቸገረና በምስክርነት ስሙን በትልልቅ ፊደል ጻፈ።

የአክስቴ ልጅ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በደወለ ቍጥር «ውሻዬን የት አደረስኸው?» እያለ ይከሰኛል።